የዓሣ ዘይት የጠጣው ቁልፍ

ጋኔት ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1994

ለኤፊ፣ ለቤቴ እመቤት፣

ፖስታው ላይ ያለውን ጽሕፈት አይተሽ «ይኼ ደግሞ የማን ነው?» እንዳልሽ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። እስከ ዛሬ ስትጽፍልኝ የኖረችው የእትዬ ትራይፊና አይደለም። የእሷ ፊደል እንደ ራሷ ቀጭንና ጎንበስ ያለ ነው፤ ይኼኛው ግን ደረቱን ነፍቶ ነው የቆመው። የኔ ነው። የባልሽ የሊያንደር ኪፒንግ የገዛ እጁ ነው። ልጁን ለእናቱ ለማሪና ስጫትና ቁጭ በይ።

ከኖቬምበር ጀምሮ ማታ ማታ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስማር ከረምኩ። መንግሥት ኮድ ዓሣ ማጥመድ ከከለከለን ወዲህ «መረብ ያስጣልናችሁ እርሳስ ያዙ» ብሎ አስተማሪ ልኮልናል። በስልክ ያልነገርኩሽ እንዲህ በድንገት ላስደነግጥሽ ፈልጌ ነው። እንዳትንቂኝ፣ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። ሁለተኛው ወንድምሽ ጋርላንድ ነው። ሦስተኛ የለም፤ ሌሎቹ በረዶው ሲበረታ ቀሩ። አስተማሪያችን «ሊያንደር፣ አንተ ስትጽፍ ወረቀቱ ያዝናል» ትለኛለች፤ ስለምጫነው ነው። እኔ ደግሞ «ሰላሳ ዓመት ገመድ የሳበ እጅ ነው፣ ወረቀቱ ይቻለው» አልኳት።

አሁን ወደ እሑዱ ልምጣ። ቀልድ አብዝቼ ከዚያ የሸሸሁ እንዳይመስልሽ።

«እንደ ወትሮው እሑድ በዘጠኝ ሰዓት እደውላለሁ» ብለሽኝ ነበር። «ዳቦ ቤቱ በቋሚነት ልቅጠርሽ ብሎኛል፤ እዚሁ ልቅር ወይስ ወደ ቤት ልመለስ፣ ያሰብኩትን እነግርሃለሁ። አንተም የልብህን ትነግረኛለህ። ቀልድ ግን የለም።» እኔም እሺ አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ጉዳዩን ለማንም ሳልናገር ያንን ዘጠኝ ሰዓት እንደ ማዕበል ስጠብቅ ከረምኩ። ከዚያ ደወልሽ፣ ያነሳም ሰው አልነበረም። ሊያንደር ሆን ብሎ ነው ብለሽ ይሆናል።

ሆን ብዬ አይደለም። ስልኩ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ ኤፊ። ከበሩ ውጭ ቆሜ ነው የሰማሁት።

ቆዪ፣ አንዴ ልነሳ።

ተመለስኩ። ስልኩን አንስቼ ነበር፣ እንደ ድንጋይ ዝም ነው። ከእሑድ ምሽት ጀምሮ የመንደራችን፣ የኮቩ የስልክ መስመር በሙሉ ተበጥሷል፤ ምሰሶው በበረዶ ክብደት ወድቆ ከነሽቦው ባሕር ዳር ተጋድሟል። ሠራተኞቹ በጀልባ ይመጣሉ ተብሏል፣ ነፋሱ ግን አላስወጣቸውም። እኔም ስልኩ እንደማይሠራ እያወቅሁ በየደቂቃው ማንሳቴን አልተውኩም። ጆሮዬ ጋ አድርጌው ትንሽ እቆምና እመልሰዋለሁ።

እንግዲህ ሰው ከገዛ ቤቱ ውጭ ምን አስቆመው ትያለሽ። ቁልፍ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ቁልፍ ከየት መጣ ትያለሽ። እኔ ነኝ የገጠምኩት።

አንቺ አራሷን ማሪናን ልትንከባከቢ ብሩክስ ከሄድሽ ወዲህ የጓሮው በር አላርፍ አለ። የሀገራችንን ሰው ታውቂዋለሽ፣ ማንኳኳት አያውቅም። አንዱ ዳቦ ይዞ ይገባል፣ ሌላው ሾርባ፣ ሌላው እንዲሁ እግሩን ሊያሞቅ። ይገባና ወንበሩን ይስባል፣ ከዚያ «ኤፊስ መቼ ነው የምትመጣው?» ይላል። መጀመሪያ «ለገና» አልኩ። ገና ሲያልፍ «ፈረስ መጋለብ ተምራ ከላም ጠባቂዎቹ ጋር ውላ ትገባለች» አልኩ። ከዚያ «የብሩክስ ከተማ ከንቲባ አድርገው መርጠዋታል፣ ሥልጣን አስረክባ ትመጣለች» አልኩ። ሳቁ። በማግሥቱ መጥተው ያንኑ ጠየቁ። ኤፊ፣ ቀልድ አለቀብኝ። የኔ ቀልድ ሲያልቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ስለዚህ የዓሣ መጋዘኑን ቁልፍ ነቅዬ አመጣሁት። መጋዘኑ ባዶ ነው፣ ከእንግዲህ ማን ምን ይሰርቀዋል። የጓሮው በር ላይ ገጠምኩት። ዝገቱ ሲያስቸግረኝ ከመጨረሻው በርሜል የቀረውን የኮድ ጉበት ዘይት በላባ እየነከርኩ አጠጣሁት። አያቴ ጫማውንም የበሩን ማጠፊያም የጉልበቱን ቁርጥማትም በእሱ ነበር የሚያክመው፤ እኔስ ምን ለየኝ ብዬ ነው። ቁልፉ እንደ ቅቤ ዞረ። ከውስጥ ቆልፌ ተቀመጥኩ። ፀጥ አለ። ከዚያ ፀጥታውም አላስቀምጥ አለኝ፤ ከምድጃው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ምድጃው ስል ወለሉን ልጨርሰው ነበር።

ቅዳሜ ያ ዝናብ ጀመረ። ሲወርድ ውሃ፣ ሲያርፍ መስታወት የሚሆነው። እሑድ ጧት ሽቦው፣ አጥሩ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ሁሉ በበረዶ ተለብጦ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስነሳ አሰብኩ። በሩን ክፍት ብተወው ስመለስ ግማሹ ኮቭ ወጥ ቤቴ ተሰብስቦ ይጠብቀኛል፣ አንቺም ስትደውይ እየተሰማ ላነጋግርሽ ነው። ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ሕዝቡ ውጭ ቆሟል። አዲሱ ቄስ ከተሜ ስለሆኑ የእግዚአብሔርን ቤት ይቆልፉታል፤ ቁልፉም ደርቆ አልዞር ብሏቸው እጃቸውን እያሻሹ ቆመዋል። አንዱ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዞ ይመጣል።

«ውሃውን መልስ» አልኩት። «የፈላ ውሃ አሁን ይከፍትልህና ወዲያው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ እስከ ኤፕሪል ይዘጋብሃል።»

«ሊያንደር ይሞክረው» አለ ጋርላንድ። «ወሬው ብቻውን ያቀልጠዋል።»

«ወንድሜ፣ አንተ ብትሞክረው እኮ ቀዳዳውን ስትፈልግ ፋሲካ ይደርሳል።»

እንዴት እንደሠራሁት ብታዪ ኖሮ። ቁልፉን በላይተር አሞቅሁት፣ ቀስ ብዬ ከተትኩ፣ አልታገልኩትም፣ አወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ ደግሜ አሞቅሁ። ቄሱ ጎንበስ ብለው ሊተነፍሱበት ሲሉ «አባቴ፣ እስትንፋስ ውሃ ነው፣ እሱም ይረጋል» ብዬ መለስኳቸው። ሲከፈት ከጆሮዬ ላይ እርሳሴን አውርጄ ጫፉን በቢላ ፋቅሁና ጥቁሩን ዱቄት ቀዳዳው ውስጥ ነፋሁት። «ዘይት አይደለም፣ የእርሳስ ዱቄት ነው። ዘይት ብርድ ሲይዘው ይረጋል፤ ይኼ ግን ደረቅ ነው፣ ብርድ አያውቀውም» ብዬ ለሕዝቡ አስተማርኩ። አዎ፣ እንዲህ ብዬ በአፌ ተናገርኩ። ሕዝቡ ምስክር ነው።

ከቅዳሴ በኋላም አለቀቁኝም፣ እኔም አልቸኮልኩም፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። መኪኖቹ ሁሉ በራቸው ከአካላቸው ጋር ተጣብቋል። «አይጎተትም፣ የበሩ ጎማ ይቀደዳል፤ በመዳፍ ዙሪያውን መታ መታ አድርግና በትከሻህ ወደ ውስጥ ግፋው፣ በረዶው ራሱ ይሰነጠቃል» እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ስዞር፣ ስሜ ሲጠራ፣ ስመሰገን ሰዓቱ ሄደ። ድንገት ትዝ ሲለኝ ዘጠኝ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። በዚያ መስታወት ላይ እየተንሸራተትኩ ወደ ቤት በረርኩ።

ቁልፉን ከተትኩት። እስከ ግማሹ ገባና ቆመ።

ላይተሬን አወጣሁ። ቁልፉን አሙቄ ብከት፣ ስመልሰው ጥርሱ ላይ ቢጫ ነገር ተሸክሞ ወጣ። ልክ ከቀዘቀዘ ድስት ላይ እንደሚነሳ ሞራ። ያጠጣሁት ዘይት ከውሃው ጋር ተደባልቆ ረግቷል። እንደገና አሞቅሁ፣ እንደገና ከተትኩ። 

«ምን እያደረግህ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ጋርላንድ ነው። ከጎኑ እትዬ ትራይፊና የእሑድ ምሳዬን፣ ጨው የገባውን ሥጋና የአተሩን ገንፎ፣ በፎጣ ሸፍና ይዛ ቆማለች።

«ምንም።»

«ምንም ቁልፍ አለው እንዴ?»

 ጋርላንድ ጠጋ ብሎ በሩን አየ፣ ከዚያ ብረቱን፣ ከዚያ እኔን። «ይኼ የመጋዘኑ አይደለም እንዴ? ሰው የወጥ ቤቱን በር ይቆልፋል? ሀገር ጥሎ የሄደ እንኳ ገመድ አስሮ ነው የሚሄደው።»

እትዬ ትራይፊና ቀስ ብላ «ዓርብ ዳቦ ይዤልህ መጥቼ በሩ እምቢ አለኝ» አለች። «በርጥበት አብጦ ነው ብዬ ደረጃው ላይ ትቼልህ ሄድኩ። አንተ ውስጥ ነበርክ ማለት ነው።»

«ውሻ እየገባ አስቸግሮኝ ነው እትዬ።»

«በዚህ ኮቭ ያለው ውሻ የኔው ብቻ ነው። እሱም ጥርስ የለው፣ ዓይን የለው።» ሳህኑን አስተካክላ ያዘች። «ስለ ኤፊ ስለምንጠይቅህ ነው የቆለፍክብን።»

ኤፊ፣  ያኔ ነው ስልኩ ከቤት ውስጥ የጮኸው።

ሦስታችንም ሰማነው። የእሑድ ዘጠኝ ሰዓት የማን እንደሆነ ኮቩ በሙሉ ያውቃል። ቁልፉን እንደ እብድ ባዞረው፣ ብገፋው፣ በቡጢ ብመታው፣ ወይ ፍንክች። ጋርላንድ አጎንብሶ አሸተተው። «ይኼ የኮድ ዘይት ነው» አለ። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም፣ ያ ነው ልቤን የሰበረው። ስልኩ ቆመ። ከዚያ እንደገና ጀመረ። ሁለተኛ መደወልሽ ነው። ያንን ሁለተኛውን አውቃለሁ፣ አልረሳልሽም።

«የፊት በር» አለ ጋርላንድ።

«ደረጃ የለውም።»

«ትከሻ አለኝ።»

የፊቱ በራችን ከምድር ምን ያህል እንደሚርቅ ራስሽ ታውቂያለሽ። አባቴ ቤቱን ሲሠራ ደረጃውን «በጋ ላይ» ብሎ ተወው፣ በጋውም አልመጣም። ከተጋባን ጀምሮ በየጸደዩ «ሊያንደር፣ ደረጃዬስ?» ስትዪኝ እኔም በጋ ላይ ስል ኖርኩ። ያ በር ከአባቴ አስከሬን ወዲህ ማንንም አላስወጣም፣ ማንንም አላስገባም። ቁልፍ ግን የለውም፣ ከውስጥ የእንጨት መወርወሪያ ብቻ ነው።

ጋርላንድ በረዶው ላይ ተንበርክኮ ትከሻው ላይ አወጣኝ። «ስንት ነው የምትመዝነው አንተ ሰውዬ፣ ወሬም ይመዝናል እንዴ?» እያለ ይንገዳገዳል። እትዬ ትራይፊና በአንድ እጇ ሳህኑን፣ በአንድ እጇ የጋርላንድን ኮት ይዛ «ግራ፣ ግራ፣ አይ ሌላው ግራ» እያለች ታዛለች። በጉልበቴ በሩን መታሁት። መወርወሪያው ተሰበረ፣ ለንፋሱ የወተፍሽው ጨርቅ ሁሉ በረረ፣ እኔም በግንባሬ ሳሎን ገባሁ። የእናትሽ የመስታወት ሳህን ደኅና ነው። ጠርዙ ትንሽ፣ ከኋላ በኩል፣ ብታዞሪው አይታይም።

ስልኩን አነሳሁ። «ኤፊ» አልኩ። የተዘጋ መስመር ድምፅ ብቻ ነበር።

ወዲያው መልሼ ደወልኩ፤ ተይዟል። ዘጋሁና ደገምኩት፤ ተይዟል። አንቺ ወደኔ፣ እኔ ወዳንቺ ስንደውል ይሆን? ወይስ ለጋርላንድ ነበር የምትደውዪው? ጋርላንድ እንደሆነ እኔ ቤት ነው፣ ከወገቡ አልቀና ብሎ ምድጃው ሥር። ልተወውና ትደውል ብዬ እጄን አጣጥፌ ስጠብቅ፣ ሊመሽ ሲል ከውጭ አንድ ነገር እንደ ጠመንጃ ጮኸ። ምሰሶው ነበር።

ይኸው ነው። ደውለሽ ምን ልትዪኝ እንደነበር አላውቅም። አራተኛ ቀኔ ነው። ከተቀመጥኩ መቆም፣ ከቆምኩ መቀመጥ ያምረኛል። ይቺን ደብዳቤ እንኳ በስንት መነሳት እንደጻፍኳት የቀለሙ ነጠብጣብ ይነግርሻል።

ያን ምሽት እትዬ ትራይፊና የቀዘቀዘውን ምሳ አሙቃ አቀረበችልኝና አልሄድ አለች። እኔም ምን አልኳት መሰለሽ። «ኤፊ ብትደውልስ ምን ልትለኝ ነው? ክረምቱን ሙሉ የጻፈችው ስለ በረዶና ስለ ልጁ ጥርስ ነው። አንድ ጥርስ ወጣ፣ ሁለት ጥርስ ወጣ። ለኔ የምትለው ሌላ የላትም ማለት ነው።»

ማንኪያውን አስቀመጠች። «አንተ ሞኝ» አለችኝ። «ደብዳቤውን የማነብልህ ማን ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ሚስትህ ለኔ ስለ ጥርስ ካልሆነ ስለ ምን ትጻፍልኝ?»

ኤፊ፣ ይቺን ነገር ከዚያ ወዲህ ሳስባት ነው የከረምኩት። እኔስ ለእሷ እየነገርኳት ምን አስጽፌልሽ አውቃለሁ? እንጨት ፈለጥኩ፣ ጣሪያ ጠገንኩ፣ ጋርላንድ ወደቀ። ሌላውን በእሷ አፍንጫ ሥር እንዴት ብዬ ልበለው።

አሁን ጋርላንድ ገባ። አላንኳኳም። ቁልፉን ሰኞ ጧት ነቅዬ ባሕር ወረወርኩት፣ ዘይቱም ወደ ዓሣው ተመለሰ። የቀረውን ቀዳዳ በግራጫው ካልሲሽ ወትፌዋለሁ፤ ነፋስ ሲመጣ ያፏጫል። ጋርላንድ «የፖስታው ጀልባ ሞተር አስነስቷል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ነው እንዴ የምትጽፈው?» ይለኛል። አንደኛና ሁለተኛ አድርጎ የሚለየን ይኼ ነው አልኩት። እህቴን ሰላም በልልኝ ይላል። ወገቡ ይሻለዋል።

ቶሎ ቶሎ ልበል። ደረጃው ተጀምሯል። የፊቱን በር ማለቴ ነው። ከመጋዘኑ ወለል ሳንቃ እየነቀልኩ ነው የምሠራው፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ ግን ጠንካራ ነው። የጋርላንድ ትከሻ ሁለተኛ አይችለኝም ብዬ ለሰው ተናግሬአለሁ።

ሌላም አለ። ብሩክስ ና ስትዪኝ «ባሕር በሌለበት አገር እግሬን በምን ልታጠብ» ብዬ እንዳሳቅኋችሁ አትርሺ። አሁን የዱቄቱን ከረጢት በሁለቱም ጎን አነባለሁ። ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የአውሮፕላን ማስታወቂያ አለ፤ ሃሊፋክስ፣ ቶሮንቶ፣ ካልጋሪ ይላል፤ ከካልጋሪ ብሩክስ በመኪና ነው። ማንንም ሳልጠይቅ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ኤርፖርት ውስጥም በየበሩ ላይ ይለጠፋል ይላሉ። የሚያነብ ሰው በሩን አይስትም። ይኼን ያህል ነው፣ እንዲሁ አልኩሽ።

ልጁን ጥርሶቹ ላይ ሳሚልኝ። ለማሪና፣ አባትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ስምሽን በእጁ ጻፈ በያት፤ አንድ ፊደል ሳይሳሳት። ይኼን ሁሉ ባሕር የሚጠብቀው አምላክ፣ ባሕር የሌለበትንም አገር አይርሳብሽ። እጅሽን ከምድጃው ይጠብቅልሽ፣ እንቅልፍሽን ይስጥሽ፣ ከዳቦ ቤቱ ስትወጪ መንገዱ አያንሸራትትሽ።

እሑድ ልትነግሪኝ የነበረውን ጻፊልኝ። ደስ የማይለኝም ቢሆን ጻፊው። ቀስ እያልኩ ነው የማነበው ኤፊ፤ ግን ብቻዬን ነው።

ያንቺው
ሊያንደር